የፈረሱ ክለቦች ሰነድ ክረምት ሳይገባ ይሰብሰብ
ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር)
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዕድሜያቸው አጭር የነበረ የክፍለ ሀገርና የክልል ክለቦችን ሰነድ ስለ መሰብሰብ፣ ስለ ማቆየትና ታሪካቸውን አጣርቶ ስለ መጻፍ

ክቡራንና ክቡራት፣

የአገራችንን የእግር ኳስ ሻምፒዮኖች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ብዙዎቹን ስሞች ዛሬ በየትኛውም ሜዳ አያገኛቸውም። ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይ፣ እምባሶይራ፣ ኢትዮ ሲሚንቶ፣ ኦጋዴን አንበሳ፣ ትግል ፍሬ፣ እርምጃችን። እነዚህ የአገር ዋንጫ ያነሡ ናቸው። ዋንጫ ሳያነሡ በብሔራዊ ሊግ ወይም በአንደኛ ሊግ ሁለት ሦስት ዓመት ተጫውተው የፈረሱት የከተማ፣ የፋብሪካና የወረዳ ቡድኖች ደግሞ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልገቡም። የእነሱ ታሪክ ያለው በአንድ የቡድን መሪ ቤት አልጋ ሥር በተቀመጠ ካርቶን፣ በአንድ ወጌሻ የፎቶ አልበም፣ ወይም ከአዲስ አበባ ስታዲየም የተመልካች መቀመጫዎች፣ ከካታንጋና ከሚስማር ተራ፣ የማይጠፉ ሽማግሌዎች ቃል ውስጥ ነው።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ክለብ ሲፈርስ ሰነዱን የሚረከብ ቋሚ ቦታ በአዲስ አበባ መሐል ይኑር። ርክክቡ ሳይፈጸም የክለቡ ስም ከምዝገባ አይሰረዝ። እስከ ዛሬ የፈረሱትን ክለቦች ታሪክ አጣርቶ የሚጽፍ አንድ የሥራ ቡድን ይሰየም። ምክንያቱንና አሠራሩን ከዚህ በታች በዝርዝር አስቀምጠናል፤ ሥራውን የሚጀምረው ባለሙያ ይህን ደብዳቤ እንደ መመሪያ ይዞት እንዲገባ ነው ፍላጎታችን።

ከመነሻው እንጀምር። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የተሳተፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ዛሬ አለ፤ የቀሩት አራቱ ከሊጋችን ከወጡ ብዙ ዘመን ሆናቸው። የመጀመሪያው ሻምፒዮናችን ራሱ ዕድሜው አጭር የነበረ ክለብ ነው ማለት ነው። ሆኖም የዚያ ውድድር አሰላለፍ፣ የግብ አግቢዎቹ ስምና የጨዋታዎቹ ቀን አንድ ላይ ተሰብስቦ ተማሪ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ አልተቀመጠም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ የ1936 ዓ.ም. ቅጾች የፍለጋው መነሻ ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ የአርመንና የግሪክ ማኅበረሰቦች በከተማችን ያሏቸው ክበቦች፣ ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያናት በትሕትና ሊጠየቁ ይገባል። የማኅበረሰብ ቡድን ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በስፖርት ፋይል ሳይሆን በትምህርት ቤት አልበምና በዓመት በዓል ፎቶዎች መካከል ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የክፍለ ሀገር ክለቦች ናቸው፤ ልባችን ያለውም እዚህ ላይ ነው። በውጭ በታተሙት ዝርዝሮች እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1957 ሐማሴን፣ በ1958 አካለ ጉዛይ፣ በ1959 የአስመራው ቴሌ ተከታትለው ሻምፒዮን ሆነዋል። በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 ዋንጫው ወደ ድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ሄደ። በመካከሉ፣ በ1964፣ ኢትዮ ሲሚንቶ የሚል ስም አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል። በ1972 እና በ1973 አስመራ፣ በ1974 እምባሶይራ። ሃያ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከዋና ከተማው ውጪ የሚኖር ሕዝብ ኳሱን የራሱ አድርጎት ነበር።

ጥጥ ማኅበር በዕድሜው ከእነዚህ ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ1983ም ዋንጫ አንሥቷል። የምናነሣው የአንድ ክፍለ ሀገር ክለብ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። የአፍሪካ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ የድሬዳዋው ቡድን ለመጨረሻዎቹ አራት በቅቶ በጥር 1957 ዓ.ም. መጨረሻ አክራ ላይ ተሰልፏል። በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎም የተጫወተው ለዚሁ ክለብ ነው። አስመራ ተወልዶ፣ ለድሬዳዋ ተጫውቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫ ያነሣ ሰው! የእሱ ዘመን ቴሴራዎች (የተጫዋች መታወቂያ ካርዶች)፣ የዝውውር ወረቀቶችና የጨዋታ ሪፖርቶች የት እንዳሉ የሚጠቁም አንድ ማውጫ እንኳ አለመኖሩ ሊያንገበግበን ይገባል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የስሞቹ መልክ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 ምድር ባቡር፣ በ1978 ኦጋዴን አንበሳ፣ በ1979 ኦሜድላ፣ በ1980 ትግል ፍሬ፣ በ1981 እርምጃችን። በአምስት ዓመት አምስት የተለያዩ ሻምፒዮኖች። ኦሜድላ የፖሊስ ቡድን፣ ምድር ባቡርም ለገሃር ላይ ሐዲዱ የሚያበቃበት መሥሪያ ቤት ቡድን መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ትግል ፍሬና እርምጃችን ግን ስማቸው ዘመናቸውን እንጂ አድራሻቸውን አይናገርም። የዛሬ ወጣት እነዚህን ስሞች ሲያነብ የመፈክር ቁራጭ ይመስሉታል፤ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና ደጋፊ የነበራቸው ቡድኖች መሆናቸው አይታየውም።

ለምን ዛሬ ካላችሁ፣ ከታሪክ ፍቅር ሌላ በገንዘብ የሚቆጠር ምክንያትም አለ። ፊፋ በተጫዋቾች ዝውውር ደንቡ የአብሮነት ክፍያ የሚለውን ሥርዓት አስቀምጧል። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር አገር ሲዛወር ከዝውውር ገንዘቡ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላሉት የውድድር ዘመናት ለእያንዳንዱ የጠቅላላው ዝውውር 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ ይደርሳል። አሠልጣኙ ክለብ ፈርሶ ከሆነስ? ደንቡ መልስ አለው። ክለቡ መፍረሱንና ተጫዋቹን ያሠለጠነ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ከቻለ፣ ድርሻውን የዚያ አገር ፌዴሬሽን ተቀብሎ ለታዳጊዎች ልማት ያውለዋል።

በቁጥር እንየው። አንድ ልጅ 17 እና 18 ዓመት ሳለ ሁለት የውድድር ዘመን በአንድ የክልል ክለብ ተጫወተ እንበል። ክለቡ ፈረሰ፤ ልጁ ወደ ሌላ ክለብ ሄደ፤ ከዓመታት በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ከአገር አገር ተዛወረ። የፈረሰው ክለብ ድርሻ 1 በመቶ ነው፤ 10 ሺህ ዶላር። ልጁ ክለቡ ውስጥ የነበረው በ13 እና በ14 ዓመቱ ቢሆን ድርሻው 5 ሺህ ዶላር ይሆን ነበር። ይህን ገንዘብ ለማስመጣት የሚያስፈልገው የተጫዋቹ ቴሴራ፣ የተመዘገበበትና የለቀቀበት ቀን፣ ክለቡ የፈረሰበት ቃለ ጉባኤ ነው። ያለ ወረቀቱ ፌዴሬሽኑ የሚለው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ጊዜውም አይጠብቅም፤ ክርክሩን ያስነሣው ድርጊት ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ያለፈውን ጉዳይ የፊፋ የዳኝነት አካል አያየውም። አሁን ክፍያው በፊፋ የክሊሪንግ ቤት፣ ማለትም በክፍያ ማጣሪያ ተቋሙ በኩል፣ ተጫዋቹ መቼ የት እንደተመዘገበ በሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ የተጫዋች ፓስፖርት ስለሚያልፍ ፓስፖርቱ ላይ ባዶ የቀረ ዓመት ባዶ ኪስ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. የ2019 የፊፋ የዲሲፕሊን ደንብ፣ ዕዳ ጥሎ የፈረሰ ክለብን የተካ ክለብ ዕዳውን እንዲሸከም ያደርጋል። ተተኪ መሆኑ የሚለየው በዋና መሥሪያ ቤቱ፣ በስሙ፣ በሕጋዊ ቅርጹ፣ በመለያው ቀለም፣ በተጫዋቾቹ፣ በባለድርሻዎቹና በሚወዳደርበት የሊግ ደረጃ ነው። የአንድ ከተማ ነዋሪ በንጹሕ ልብ አዲስ ቡድን አቋቁሞ የቀድሞውን ስምና ቀለም ቢያነሣ፣ ሳያውቀው የአሮጌውን ዕዳ ሊወርስ ይችላል። በተቃራኒው ዕዳ ሸሽቶ ስም የሚቀይር ቢኖር የሚያጋልጠው ያው ወረቀት ነው። ስለዚህ የመለያው ቀለምና ዓርማው እንኳ መመዝገብ አለባቸው፤ ባለ ቀለም ፎቶ ካልተገኘ ቀለሙ በቃል ይጻፍ፣ ‘አረንጓዴ ማሊያ፣ ነጭ ቁምጣ’ ተብሎ።

አሁን ወረቀቱ እንዴት እንደሚጠፋ እንናገር። የሚጠፋበትን መንገድ ያላወቀ ሊያድነው አይችልም።

የእኛ አገር ክለብ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በክረምት ነው። ውድድሩ በሰኔ አካባቢ ያልቃል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ የሚኖር ክለብ በአዲሱ በጀት ውስጥ ስሙ ካልገባ በሐምሌ ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል፤ ከሊግ ከወረደማ ስፖንሰሩ የሚሸሽበት ሰበብ ተገኘ ማለት ነው። በነሐሴ ጽሕፈት ቤቱ ለሌላ ክፍል ይሰጣል። ፋይሉ ዝናብ እያካፋ በፒክአፕ ተጭኖ ወደ ግምጃ ቤት ይሄዳል፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ከሥር እርጥበት ይስበዋል፣ ምስጥ ይገባበታል፤ በሁለተኛው ክረምት የታችኛው ግማሽ አንድ ላይ ተጣብቆ ጭቃ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ተጠርጎ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል። ዋንጫዎቹ ስማቸው ተፍቆ ለሠራተኞች የውስጥ ውድድር ይሸለማሉ። የሂሳብ ሰነዱ የመያዣ ጊዜው ሲያበቃ ይወገዳል፣ የተጫዋቾች ውል ደግሞ ከሂሳቡ ጋር ተጠርዞ ስለሚገኝ አብሮ ይወገዳል። ይህን የሚሠራ ክፉ ሰው የለም። ሰነዱ ባለቤት ስላጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ ርክክቡ ከሰኔ 30 በፊት ማለቅ አለበት። ክለቡ በይፋ እስኪፈርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሊግ መውረድ፣ ደመወዝ ለሁለት ወር መቆም ወይም የስፖንሰር ውል አለመታደስ ሲታይ የፌዴሬሽኑ የምዝገባ ክፍል ደብዳቤ ጽፎ የሰነድ ቆጠራ ይጠይቅ። የሚረከበው ብዛትም የሚያስፈራ አይደለም። 16 ቡድን ባለበት ሊግ አንድ ክለብ በዓመት 30 ጨዋታ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ የአሰላለፍ ቅጽ፣ የዳኛና የኮሚሽነር ሪፖርት፣ አንዳንዴ ክስና ውሳኔ፤ በአማካይ አራት ወረቀት ቢባል በዓመት 120፣ በሦስት ዓመት 360 ወረቀት ነው። በየዓመቱ 30 ቴሴራ ቢኖር 90። ቃለ ጉባኤው፣ ውሉና መልቀቂያው ተጨምሮ ሦስት ዓመት የኖረ ክለብ ታሪክ በሁለት ወይም በሦስት ሣጥን ያልቃል። ስካነር ያለው አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

ሲረከብ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ቃለ ጉባኤው ነው እንጂ ዋንጫው አይደለም። ዋንጫ ያምራል፤ ብቻውን ግን ምንም አያስረዳም፤ ከስታዲየሙ ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ማንም ገዝቶ ሊያስቀርጽ ይችላል። የምሥረታና የመፍረስ ቃለ ጉባኤ፣ የመተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅተሙ አሻራ በነጭ ወረቀት ላይ፣ የተጫዋቾች መዝገብ፣ የጨዋታ ሪፖርቶች፣ የቅጣት ውሳኔዎች፤ ፎቶና ዕቃ ከእነዚህ በኋላ። ማኅተሙ ራሱ በሁለት ምስክር ፊት ተሰብሮ ስብርባሪው አብሮ ይታሸግ። ያልተመለሰ ማኅተም ከዓመታት በኋላ የሐሰት መልቀቂያ ሲመታበት ይገኛልና።

ፋይሎቹ ላይ ያለው የዛገ ስፒል፣ አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ በቀስታ ይነቀል፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበሳል። የተቀደደ ወረቀት በስኮች አይለጠፍ። ስኮች ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ሙጫው ቀለሙን ይበላል፤ የተቀደደው በአንድ ንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል እንዳለ ይቀመጥ። ቁጥር የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው፣ በጀርባው ጥግ ላይ። ሣጥኑ ከወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ የብረት መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭ ግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ የክፍሉ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ቢቆይ መልካም ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ይህ ያለ እርጥበት መሳቢያ መሣሪያ የማይታሰብ ነው። የራሰ ወረቀት ከመጣ 48 ሰዓት ሳይሞላ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይይዘዋል። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ወረቀቱንም ያኮማትረዋል።

ከሁሉ በፊት መዳን ያለበት የፋክስ ወረቀት ነው። ኢንተርኔት ሳይስፋፋ በፊት ከክልል የሚደረግ ጨዋታ ውጤት ወደ አዲስ አበባ በፋክስ ይላክ ነበር። ያ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ ፊደሉ በራሱ ጊዜ ይገረጣል፤ መስኮት አጠገብ ከቆየ ወይም በፕላስቲክ ልባስ ከተያዘ ደግሞ ፈጥኖ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ዘመን ፋይል ሲከፈት መጀመሪያ የሚያንሸራትተው፣ የሚያብለጨልጨውና የሚጠቀለለው ወረቀት ተለይቶ በዚያው ቀን ይቃኝ፤ ካልተቻለ በፎቶ ኮፒ ይባዛ።

ፎቶዎች በጠርዛቸው ይያዙ። እርስ በርስ ወይም ከአልበሙ ፕላስቲክ ጋር የተጣበቁትን በኃይል መላጥ ፊት ያስቀራል፤ ተጣብቀው እንዳሉ ይቃኙና ለባለሙያ ይቆዩ። ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ፣ ፎቶ 600፣ ኔጋቲቭ ከዚያም በላይ ይቃኝ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ኔጋቲቭ ከተገኘ ከሌሎቹ ወዲያውኑ ይለይ፤ መበስበስ ጀምሯል፣ ጎረቤቱንም ያበላሻል። የቪዲዮ ካሴት ካለ ወደ ኋላ ይዋል የሚባል አይደለም፤ የመጨረሻው የቪዲዮ ማጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል። ከመጫወቱ በፊት እላዩ እንዳይቀዳበት የካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ይሰበር። የተቃኘው ሁሉ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፣ አንደኛው ከሕንፃው ውጪ።

ስለ ኮምፒውተር ፋይል አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው እሱ ነውና። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል አቀማመጥ) በፊት፣ በ1990ዎቹ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የተተየበው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ፎንቶች ነው። እያንዳንዱ የራሱ የፊደል አቀማመጥ ስላለው ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ ጤነኛ ነው። ዋናው ሳይነካ ቅጂው ይወሰድ፤ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ተከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ ይታተም፤ ከዚያ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ ከፒዲኤፉ ጋር መስመር በመስመር ይመሳከር። መለወጫዎቹ በተለይ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይሳሳታሉ፤ በእግር ኳስ ሰነድ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉም ነገር ነው።

ሰነዱ ከተሰበሰበ በኋላ ታሪኩን መጻፍ የራሱ ወጥመድ አለው። ትልቁ የዓመት ጉዳይ ነው። ውድድራችን ከመስከረም ወይም ከጥቅምት እስከ ሰኔ ስለሚደረግ በእኛ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይወድቃል፤ በፈረንጆቹ ግን ሁለት ዓመት ይነካል። መብራት ኃይል ያሸነፈው የመጀመሪያው ፕሪሚየር ሊግ የ1990 ዓ.ም. ውድድር ነው፤ እ.ኤ.አ. 1997/98 ይባላል። የውጭ ዝርዝሮች አንዱን የፈረንጅ ዓመት ብቻ ሲጽፉ አንዳንዱ ጸሐፊ 7፣ አንዳንዱ 8 ይቀንሳል፤ አንድ ዋንጫ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ወይም በመካከል የሌለ ክፍተት ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. 1964 የተባለው የኢትዮ ሲሚንቶ ዋንጫ የ1956 ይሁን የ1957 ዓ.ም. የሚለየው ጨዋታዎቹ የተደረጉበት ወር ከጋዜጣ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ በኢትዮጵያ ዓመት ይከፈት፣ የፈረንጁ በጎን ይጻፍ። የቀን መለወጥም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ የአንድ ቀን መንሸራተቱም እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል። 1956 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ሰዓትም አለ፦ በእኛ 10 ሰዓት የተባለ ጨዋታ በውጭ ዘገባ 4 ሰዓት ተብሎ ይገኛል፤ ሁለት ጨዋታ የመሰለው አንድ ነው።

ስምም ያሳስታል። ከ1940 ዓ.ም. አካባቢ ሻምፒዮን ሆኖ የተመዘገበው ቀይ ባሕር ስሙ ብቻ ታይቶ የአስመራ ክለብ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ግን ኤርትራ ገና በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው በ1945 ዓ.ም. ነው። ስም የከተማ ማስረጃ አይደለም። ሐማሴንን በ‘ሐ’ የጻፈውና በ‘ሀ’ የጻፈው በኮምፒውተር ፍለጋ አይገናኙም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክለብ አንድ ቋሚ አጻጻፍና ከሥሩ በሰነድ የተገኙት ሌሎች አጻጻፎች ይመዝገቡ። ተጫዋች በራሱ ስም ይደርደር፣ በአባቱ አይደለም፤ መንግሥቱ ወርቁን በ‘ወ’ ሥር የፈለገ ሰው ከአባትየው ጋር ያስተዋውቀናል እንጂ ከተጫዋቹ አያገናኘንም። ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ከተገኙ የአያት ስም፣ የትውልድ ዓመትና የመለያ ቁጥር ይጨመር። የመንደር ቅጽል ስሙም አይጣል፤ ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱት እሱን ነውና።

‘ፈረሰ’ የሚለውን ቃልም ሁሉም በአንድ ልክ ሊጠቀምበት አይገባም። መቻል መከላከያ ተብሎ እንደገና መቻል ሆኗል፤ ይህ ስም መለወጥ ነው፣ ታሪኩ አንድ ነው። ንግድ ባንክ ፈርሶ ተመልሶ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኗል፤ ይህ መቋረጥ ነው፣ ክፍተቱ በግልጽ መታየት አለበት። በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሣው ደደቢት ዛሬ በሊጉ የለም። የሌላ ክለብን የሊግ ቦታ የወሰደ ክለብ ደግሞ ቦታውን እንጂ ዋንጫውንና የምሥረታ ዓመቱን አልወሰደም። ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ምልክት ይሰጥ፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ሁለት ክለቦች አንድ ናቸው አይባል።

ውጤት ሲመዘገብ በሜዳ የተገኘውና በውሳኔ የተሰጠው ይለይ። በፎርፌ የተሰጠ 3 ለ 0 በሜዳ ከተገኘ 3 ለ 0 ጋር ከተቀላቀለ የግብ አግቢዎች ድምር ከደረጃ ሰንጠረዡ ጋር አይገጥምም፤ ሰውም ሰነዱ ተሳስቷል ብሎ የሌለ ግብ አግቢ ይፈጥራል። በመሐል የፈረሰ ክለብ ጨዋታዎች ከሰንጠረዡ ቢሰረዙ እንኳ በተጫዋቾቹ መዝገብ ላይ ይቆዩ፤ ልጆቹ ተጫውተዋልና። አንድ ውጤት እውነት ነው ለማለት ሁለት የማይገናኙ ምንጮች ይጠየቁ፦ የኮሚሽነር ሪፖርትና ጋዜጣ፣ ወይም የተጋጣሚው ክለብ መዝገብ። ጋዜጣ ከጋዜጣ የቀዳውን እንደ ሁለት መቁጠር አይቻልም። የሽማግሌ ቃል ሲቀዳ ‘ስንት ለስንት ነበር?’ ተብሎ ባይጀመር ይሻላል። ‘ማን በረኛ ነበር? ሜዳው ምን ይመስል ነበር? በምን ተሳፍራችሁ ሄዳችሁ?’ ሲባል ትዝታው በራሱ መንገድ ይመጣል፤ ውጤቱ ከጋዜጣ ይገኛል፣ የጉዞው ነገር ግን ከጋዜጣ አይገኝም።

ቦታን በተመለከተ፣ ወመዘክር ከስታዲየም በእግር የሚደረስበት ነው። የፌዴሬሽኑ የምዝገባ ክፍል ይረከብ፣ ወመዘክር ያቆይ፣ የአክሲዮን ማኅበሩ የስካነሩንና የአንድ ሠራተኛን ወጪ ይቻል ብለን እናስባለን። የአስመራዎቹ ክለቦች ሰነድ ዛሬ በሌላ አገር ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ግማሽ፣ ማለትም የፌዴሬሽኑ ደብዳቤዎችና ጋዜጦች፣ ቅድሚያ ይሰጠው። ቀጥሎ ድሬዳዋ ናት፤ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ተጫዋቾች በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው 80 ገደማና ከዚያ በላይ ነው፣ እነሱ ቀጠሮ አይሰጡም። ከዚያ በቅርብ ዓመታት የፈረሱት ይምጡ፤ የአብሮነት ክፍያ ሊያስገኝ የሚችለው ቴሴራ በእነሱ ፋይል ውስጥ ነውና ይህ ሥራ ከድሬዳዋው ጎን ለጎን ቢሄድ እንመርጣለን።

በመጪው የውድድር ዘመን የምዝገባ ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር እንጠይቃለን፦ ‘ክለቡ ቢፈርስ ሰነዱን የሚያስረክበው ኃላፊ ስም፣ ስልክና ፊርማ’። ለዚህ ደብዳቤ መልስ የሚሰጥ ክፍል በጽሑፍ ቢገለጽልን የሰነድ መቆጠሪያ ቅጹን ረቂቅ፣ የዓመት መለወጫ ሰንጠረዡንና የክለቦቹን ስም ከነአጻጻፋቸው አዘጋጅተን ያለ ክፍያ እናስረክባለን።

ከአክብሮት ጋር
በውድድር ምዝገባና በመዛግብት ሥራ ላይ የቆየን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለድሬዳዋ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለሁሉም የክልል እግር ኳስ ፌዴሬሽኖች